ስልኩ የመምህሩ ብቻ ሲሆን

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለመምህራን ይጠቅማሉ የሚባሉ ድረ ገጾችና አፖች ማለቂያ የላቸውም፤ አንዱን ሞክራችሁ ሳትጨርሱ ሌላ ሊንክ ይላክላችኋል። እኔ ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ተማሪው ያልገባው ምን እንደሆነ ያሳየኛል ወይ? ካላሳየኝ፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር ይቅርብኝ።

በዚህ ሚዛን ክፍሌ ውስጥ የጸናው ፕሊከርስ የተባለው የጥያቄና መልስ አፕ ነው። ተማሪዎቹ ስልክም ኮምፒውተርም አያስፈልጋቸውም። እያንዳንዱ ኪው አር ኮድ የሚመስል ምስል ያለበት ካርድ ይይዛል። አራቱ ጎኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ናቸው። መልሱ ቢ ነው ያለ ቢን ወደ ላይ አዙሮ ያነሳል። እኔ የስልኬን ካሜራ ክፍሉ ላይ ሳዞር ማን ምን እንደመለሰ ይመጣልኛል። የሁሉም ካርድ ምስል ይለያያል፤ ፊደሎቹም ደቃቅ ናቸው። ስለዚህ ለኩረጃ አይመችም። ካርዶቹን አውርዶ ማተም በነፃ ነው። የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ግን አታልብሷቸው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ካሜራው ማንበብ ያቅተዋል። ፕሮጀክተር ከሌለ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይበቃል።

አንድ ጥያቄ ላንሳ። ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች በተከታታይ ከባትሪ ጋር ተያይዘዋል። የትኛው ይበልጥ ይበራል? ብዙ ተማሪ «የመጀመሪያው» ይላል። የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን በልቶ ለሁለተኛው ትራፊ የሚያስተላልፍ ይመስለዋል። እጅ አውጡ ብል ይህን አላየውም፤ እጅ የሚያወጡት እነዚያው የታወቁት ጎበዞች ናቸዋ! ካርዱ ዝም የሚሉትንም ያናግራል።

መልሱን ወዲያው አልነግራቸውም። ጎን ለጎን የተቀመጡት ጥቂት ይከራከሩና እንደገና ካርድ ያነሳሉ። ከዚያ ፌትን እከፍታለሁ። ፌት በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው የነፃ ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎች፣ ስብስብ ነው። ሽቦ፣ ባትሪና አምፖል እየጎተቱ ሰርኪዩት የሚገጣጥሙበት አለው። ከረንት የሚለካውን አሜትር ከመጀመሪያው አምፖል በፊትም በኋላም አስገባለሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው። ስለዚህ ሁለቱም እኩል ይበራሉ። ግን ከማሳየቴ በፊት የግድ አስገምታቸዋለሁ። ሳይገምቱ ካዩት «እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት» ማለት ይመጣል። ኔትወርክ እንዳያሳፍረኝ ሲሙሌሽኑን ቀድሜ አወርደዋለሁ፤ ያለ ኢንተርኔት በብሮውዘር ይከፈታል።

ለሒሳብ መምህራን ቅርጽና ግራፍ እያንቀሳቀሱ የሚያዩበት ጂኦጀብራ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። የጥያቄና መልስ ውድድር የሚካሄድበት ካሁት ክፍሉን ያሞቃል፤ ፍጥነት ነጥብ ስለሚያስገኝ ግን ቀስ ብሎ የሚያስብ ልጅ ይጎዳበታል።

ከክፍል ውጭ ያለው ቴሌግራም ነው። መጀመሪያ ቻናልና ግሩፕ መለየት አለባቸው። ማስታወቂያና ፋይል ቻናል ላይ፣ ጥያቄ ግሩፕ ላይ። አለበለዚያ የቤት ሥራው በስቲከር ጎርፍ ይወሰዳል። በስልክ ቁጥር ሴቲንግ ላይ ቁጥሬን ማንም እንዳያይ አድርጌያለሁ። ማታ የማዘጋጀውን መልእክት ጠዋት እንዲሄድ ቀጠሮ እሰጠዋለሁ፤ መምህሩ እኩለ ሌሊት ላይ ኦንላይን ነው ከተባለማ አለቀልኝ። ዋናው ግን ቴሌግራም ላይ ባለ ምርጫ ጥያቄ የሚለጠፍበት ኩዊዝ ነው። ተማሪው ሲሳሳት የሚወጣለት አጭር ማብራሪያ መጻፍ ይቻላል። እኔ እዚያ ላይ «ስህተት» ብዬ አልጽፍም፤ ያንን መልስ እንዲመርጥ ያደረገው ሐሳብ የቱ ጋ እንደሚሰበር እጽፍለታለሁ።

የመምህራን ግሩፕ ውስጥም «ጥሩ አፕ ጠቁሙኝ» ካላችሁ ሊንክ ይዘንብባችኋል። «በዚህ ርዕስ ላይ ተማሪዎቻችሁ የት ይሳሳታሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለጥያቄዎቼ የተሳሳቱ አማራጮችን የምለቅመው ከዚያ ነው። የራሴን ክፍል ውጤት ሳጋራ ደግሞ ስም ያለበትን ስክሪንሾት አልለጥፍም፤ መቶኛው ብቻ ይበቃል።