ከቦሌ ዋሽንግተን፦ ርቀቱን ለፍጥነት አካፍዬ የከሰርኩበት ሒሳብ

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት (ከቴክሳሷ ዳላስ ጋር እንዳታምታቱት) በአጭሩ የአየር መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አውሮፕላን በሰዓት 900 ይበራል ብዬ አካፈልኩና 13 ሰዓት አገኘሁ። ለመመለሻው ጉዞ ልክ ነው፤ ለመሄጃው አይሠራም።

ጥፋቱ የቦሌ ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ። ሰውና ሻንጣ የሞላ አውሮፕላን ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ አይነሣም፤ ቀለል ብሎ ተነሥቶ መንገድ ላይ ይቀዳል። የአሜሪካ በረራዎች በተለያየ ጊዜ ደብሊንና ሎሜ ላይ ሲያርፉ ኖረዋል። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ነፋሱም ከፊት ነው። 16 ወይም 17 ሰዓት ብላችሁ ያዙ። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ታንኩን ሞልቶ፣ ነፋስ ከኋላ እየገፋው፣ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የየከተማው ነው። 22:15 ማለት ማታ 4፡15፤ 17 ሰዓት ጨምሩ፣ በበጋቸው 7 በክረምታቸው 8 ቀንሱ። በበጋቸው ጧት 2፡15 ትደርሳላችሁ። 00:40 የሚል ካያችሁ ደግሞ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል፤ ኤርፖርት የምትሄዱት በዋዜማው ማታ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ከደለስ ወደ ዴንቨር የሚቀጥለውን በረራ በሌላ ትኬት፣ በሁለት ሰዓት ልዩነት ቆረጥኩ። ትኬት ቆራጩ «ይበቃል፣ ሻንጣውም ቀጥታ ይገባል» አለኝ። ሁለቱም ውሸት! አሜሪካ መጀመሪያ ያረፋችሁበት ከተማ ላይ ሻንጣችሁን ራሳችሁ ታነሣላችሁ፤ ታጉ ላይ የመጨረሻው ከተማ ቢጻፍም።

ተራው እንዲህ ነው። ከአውሮፕላኑ ወጥታችሁ ባለ ትልልቅ ጎማ ተሽከርካሪ አዳራሽ ውስጥ ትገባላችሁ፤ እሱ ደግሞ ሰው እስኪሞላ ይቆማል። ከዚያ የኢሚግሬሽን ሰልፍ፤ ከአውሮፓ የመጡ በረራዎች አብረው ካረፉ አበቃላችሁ። ቀጥሎ ሻንጣ፣ ጉምሩክ (ያለውን ምግብ ሁሉ ተናገሩ፣ ቋንጣውን ቤት ተዉት)፣ ሻንጣ መልሶ ማስረከብ፣ እንደገና ፍተሻ። ከቦሌ የገዛችሁትን ፈሳሽ ነገር ሻንጣ ውስጥ የምትከቱት ከማስረከባችሁ በፊት ነው፤ ካለፈ ፍተሻው ላይ ሊቀር ይችላል።

ኮምፒውተሩ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ «ሕጋዊ ነው» ብሎ ይሸጥላችኋል። እኔ ግን ከአራት ሰዓት በታች አልቆርጥም፤ ያውም በአንድ ትኬት። አንድ ትኬት ከሆነ ያመለጣችሁን በረራ የሚተካው አየር መንገዱ ነው። ሁለት ከሆነ ሁለተኛው ስለ መጀመሪያው መዘግየት ደንታ የለውም፤ «አልቀረበም» ብሎ ይመዘግብና የመመለሻውንም በረራ አብሮ ይሰርዘዋል። እንደማትደርሱ ካወቃችሁ በሩ ከመዘጋቱ በፊት፣ ሰልፉ ላይ ቆማችሁም ቢሆን፣ በስልካችሁ መተግበሪያ አስቀይሩ። እኔ ኢሚግሬሽን አዳራሽ ውስጥ ስልክ አይነካም ብዬ ኪሴ ውስጥ አቆየሁት፤ የዴንቨርን ትኬት በዕለቱ ዋጋ እንደገና ገዛሁ።