የቤታችን አሮጌ ውል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የገዛነው ቤት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተሠራ ነው። ባለቤቴ የድሮ ሰነድ መጎርጎር ስለምትወድ የመጀመሪያውን የሽያጭ ውል ከካውንቲው መዝገብ አወጣችው። ስለ አጥር ቁመትና ዶሮ ማርባት ስለ መከልከሉ ከሚያወራው አንቀጽ ቀጥሎ፣ ቤቱ ለጥቁር ሰው እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይም ይላል። አገልጋይ ሆኖ ለሚያድር ብቻ ይፈቀዳል። ዶሮና እኔ በአንድ ገጽ ተከልክለናል!

ጡረታ ለወጡት ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤቴ ሳሳያቸው ምንም አልደነቃቸው። «የእኔንም ባለቤቴ በመስታወት አስገብታ መታጠቢያ ቤት ሰቅላዋለች» አሉኝ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ ወሰነ፤ የ1968ቱ የመኖሪያ ቤት ሕግም አድልዎውን ከለከለ። እስከዚያ ግን ብዙ ነጮች በመንግሥት ዋስትና ተበድረው ቤት ገዝተዋል። የጥቁሮቹ ሰፈሮች ካርታ ላይ በቀይ ተቀልመው ብድር ተነፍገዋል። እዚህ አገር ደግሞ ቤት ማለት ጥሪት ነው፤ ልጅ ኮሌጅ የሚገባው፣ ሱቅ የሚከፈተው ቤት አስይዞ ነው።

ከአበሾች ጋር ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «እኛ መጥተን በጥቂት ዓመት ቤት ገዛን፣ ጥቁር አሜሪካውያኑ ምን ነካቸው?» ሲባል ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው። ተናጋሪው ብዙ ጊዜ ዲግሪውን ከአገር ቤት ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ አያቱ ብድር የተከለከሉበት ባንክ እዚህ የለም። በ1963 በርሚንግሃም፣ አላባማ ላይ ለእኩል መብት ሰልፍ ሲወጣ ፖሊስ ውሻ የለቀቀው በጥቁር አሜሪካውያኑ ልጆች ላይ ነበር። ስደተኛን በትውልድ አገሩ ኮታ ይመዝን የነበረውን አሠራር የሻረው ሕግ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ትግል ግፊት ነው።