«መካከለኛ ነኝ» ብዬ የገባሁበት ጉድ

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። የሰርግ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። ጊታር ተጫዋቻቸው አዲስ አበባ ሄዶ ቀርቶባቸዋል። «አንተ ደረጃህ እንዴት ነው አሁን?» አለኝ። ትንሽ አሰብኩና «መካከለኛ ነኝ፤ ምናልባት ከመካከለኛ ትንሽ ከፍ» አልኩት። እየቀነስኩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር እኮ!

ጊታር ከያዝኩ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ የሞባይል ጥገና ነው፤ ሱቄ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ናት። ማታ ማታ ጣና ዳር ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ እንላለን። አሳ ጥብስ ይመጣል፣ ቢራ ይመጣል፣ እኔ ጊታሬን እቃኛለሁ። እነሱ ያጨበጭባሉ። አንዳንዴ ከሌላ ጠረጴዛም ሰው ዞር ብሎ ያያል። ወደ ሠላሳ ዘፈን እችላለሁ። ደረጃዬን የለካሁት በዚሁ ነው፤ በጭብጨባና በዘፈን ብዛት።

ልምምዱ ግሽ ዓባይ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን መቶ ጊዜ የተጫወትኩት ትዝታ ነው፤ በኤ ማይነር። አንድ ዙር እንደሄድን ድምፃዊቷ አስቆመችን። ጉንፋን ይዟታል። «ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉልኝ፤ ዛሬ አልደርስበትም» አለች። ኪቦርዱ አንዲት ቁልፍ ነካ አደረገ፤ አለቀ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጣቱን አንድ ፍሬት፣ ማለትም በጊታሩ አንገት ላይ አንድ ክፍል፣ ወደ ኋላ ሳበ፤ አለቀ። ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩ።

ካፖዬን፣ ክሮቹን አንገቱ ላይ የሚያስረውን መቆንጠጫ፣ ከቦርሳ አወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ገባኝ፤ ካፖ ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም። ጂ ሻርፕ ማይነር የሚባለውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ስሙን ራሱ የነገረኝ ቤዝ ተጫዋቹ ነው። 4ኛው ፍሬት ላይ በባር፣ ሌባ ጣቴን ክሮቹ ሁሉ ላይ አጋድሜ፣ ልይዘው ስሞክር ሁለት ክር ዝም አለብኝ። አሁን ቢሆን ካፖውን 4ኛው ላይ አስሬ ኢ ማይነር እይዛለሁ፤ ያው ጂ ሻርፕ ማይነር ነው የሚወጣው። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ያን ቀን ግን ላብ አጠመቀኝ።

ቤዝ ተጫዋቹ ስልሳ የሚጠጋው ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። «አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመትህ ነው?» አለኝ።

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ዕድሜህን ማን ጠየቀህ? ጊታሩን ነው እንጂ።»

«ሰባት።»

ጊታሬን አየ፣ እኔን አየ። «በል እንግዲያው ዛሬ ቁጭ ብለህ ስማ» አለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

ሦስት ቀን ጊታሩን አልነካሁትም፤ አኩርፌ ነበር። በአራተኛው ቀን ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ያቺኑ ትዝታ ቀዳኋት። ወዲያው ስሰማት ደህና ናት። እንዲያውም ወደድኳት። ጉዱ የታየኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ሱቅ ውስጥ የደንበኛ ስልክ ቻርጅ እስኪይዝ እየጠበቅኩ ከፈትኳት። በተጫወትክበት ቀን ጆሮህ የሚሰማው ልትጫወት ያሰብከውን ነው። ሳምንት ሲያልፍ የሌላ ሰውዬ ጊታር ይሆንልሃል። ያ ሰውዬ ደግሞ ይቸኩላል።

ቅጂው ላይ እግሬ ወለሉን ሲመታ ይሰማል። ልብ ብዬ ስሰማው እግሬም ይቸኩላል! ሰባት ዓመት ያላወቅኩት ለካ ለዚህ ነው። እጄ እግሬን የሚከተል ይመስለኝ ነበር፤ እግሬ ነበር እጄን የሚከተለው። በሜትሮኖም፣ ምት በሚቆጥረው መሣሪያ፣ ስለካው በደቂቃ በ84 ምት ጀምሬ በ97 ጨርሻለሁ። ጣና ዳር ይሄ አይታወቅም። ጓደኞቼም እያጨበጨቡ አብረውኝ ይፈጥናሉ። ድራመር ግን አብሮህ አይፈጥንም፤ ጥሎህ ወይም ጥለኸው ነው የምትሄደው።

ከዚያ ኤፍ ኮርድን ያዝኳት። ሁሉንም ክር አንድ ላይ ስመታ ጥሩ ይመስላል። ክሮቹን ከ6ኛው ጀምሬ አንድ በአንድ ነካካሁ። 6ኛው አለ፣ 5ኛው አለ፣ 4ኛው፣ 3ኛው አለ። 2ኛው «ጠቅ» ብሎ ሞተ። ኤፍ ላይ ሌባ ጣት ብቻዋን የምትይዘው 6ኛውን፣ 2ኛውንና 1ኛውን ነው፤ የቀሩትን ሌሎቹ ጣቶች ይሸፍኑላታል። የጣቴ አንጓ እጥፋት ልክ 2ኛው ክር ላይ ያርፋል። ጣቴን ትንሽ ወደ ጎን ገልበጥ ሳደርገው ድምፁ ወጣ። ስንት ዓመት አምስት ክር ይዤ ስድስት ያዝኩ ስል ኖሬያለሁ።

ችክችካውን መፈተሽ ደግሞ የባሰ ነበር። ችክችካ በ6/8፣ ማለትም ከ1 እስከ 6 እየተባለ፣ ይቆጠራል፤ ክብደቱ 1 ላይና 4 ላይ ነው። በፍጥነት ሲሄድ ሁሉም ሰው የቻለ ይመስለዋል፤ ቀስ ሲል ነው የሚጋለጠው። መጀመሪያ ሜትሮኖሙ ስድስቱንም እንዲመታልኝ አደረግኩ። ቀጥሎ 1ንና 4ን ብቻ። ቀጥሎ 1ን ብቻ። በመጨረሻ አንድ ዙር መትቶ አንድ ዙር ዝም እንዲል አደረግኩት። ዝም ብሎ ሲመለስ እኔ የት ነው ያለሁት? መጀመሪያ ሰሞን ሁልጊዜ ቀድሜው ደርሼ እጠብቀዋለሁ። ይሄን ያህል ግልጽ ፈተና ሌላ አላገኘሁም። ስልኩ ጓደኛህ አይደለም፤ ይሉኝታ የለውም።

ቅኝት (ዘፈን የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ፤ ትዝታ የዘፈን ብቻ ሳይሆን የቅኝትም ስም ነው) ላይ ስመጣ በክራር ቀናሁ። ክራርን ትዝታ ላይ ከቃኘኸው ክሮቹ በሙሉ የትዝታ ናቸው፤ ብትሳሳት እንኳ ከቤት አትወጣም። ጊታር ላይ ግን በአንድ ክር እስከ 12ኛው ፍሬት 12 ድምፅ አለ፤ ቅኝቱ የሚፈልገው 5 ነው። ሰባቱ ወጥመድ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ መሆኑን፣ ማይነሩ ላይ ሚ እና ላ ግማሽ ግማሽ ዝቅ እንደሚሉ በቃሌ እወጣዋለሁ። ባቲንም እንዲሁ። ፈተናው ሌላ ነው፦ ዓይንህን ጨፍነህ ጣትህን የትም ፍሬት ላይ ጣል፤ ከዚያ ጀምር። ትዝታን የማውቀው ከ5ኛው ፍሬት ብቻ ነበር። 8ኛው ላይ ስጀምር እንግዳ አገር የገባሁ መሰለኝ። አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝትማ ተዉት። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ እስከ ዛሬ ጣቴ አልለመደውም።

ለጆሮዬ አዝማሪ ቤት ሄድኩ። ጊታር የለም፣ ስልክ ብቻ። ሁለት ስንኝ ሳያልቅ ቅኝቱን ገምቼ ማስታወሻ ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ አብሮኝ የሄደውን ኪቦርድ ተጫዋች እጠይቀዋለሁ። ከስምንት አምስቱን አገኘሁ። አዝማሪው ስልክ ላይ ማቀርቀሬን አይቶ ግጥም አወጣብኝ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። 100 ብር አስከፈለኝ።

የእንግሊዞቹ የሙዚቃ ፈተና ቦርዶች ከ1 እስከ 8 ደረጃ እንዳላቸው አውቃለሁ። እኔ ደረጃውን ትቼ አከፋፈላቸውን ወሰድኩ። የተጠና ሙዚቃ ለብቻ፣ ስኬል (የድምፆች መሰላል) ለብቻ፣ ኖታ አይቶ መጫወት ለብቻ፣ ጆሮ ለብቻ ይፈተናል። ደብተሬን በአራት ዓምድ ከፈልኩት፦ እጅ፣ ምት፣ ጆሮ፣ ከሰው ጋር። አራቱ ላይ አንድ ዓይነት ሰው አይደለሁም። በእጅ ደህና ነኝ። በምት ደካማ። በጆሮ እንደ ዕለቱ። «ከሰው ጋር» የሚለው ዓምድ ስር ለረጅም ጊዜ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ጓደኞቼ አጨብጫቢዎች ናቸው እንጂ ተጫዋቾች አይደሉም።

ከዚህ በኋላ የሠራሁት ስህተት ግን ከመጀመሪያው አይሻልም። «እንዴት ነህ ጊታር ላይ?» ሲሉኝ «ኧረ እኔ ምን እችላለሁ፣ ጀማሪ ነኝ» ማለት ጀመርኩ። እኛ ጋ ይሄ ጨዋነት ነው፤ ማንም አይቆጣህም። ጋሼ ግን ተቆጣኝ። ለአንድ ምርቃት ሦስት ኮርድ ብቻ ላለው ዘፈን ሰው ፈልጎ ሲደውልልኝ «አልችልም» አልኩታ። «ያኔ ጨምረህ ዋሸህ፤ አሁን ቀንሰህ ትዋሻለህ። እኔ የምፈልገው ሰው እንጂ ትሕትና አይደለም» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ሳይኮሎጂ የምትማር እህቴ ይሄን ስነግራት ሳቀች። በ1999 እ.ኤ.አ. ደኒንግና ክሩገር የሚባሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያወጡትን ጥናት ነገረችኝ። ጊታር የለበትም፤ ሎጂክ፣ ሰዋስውና ቀልድን መመዘን ነው። ከመጨረሻው ሩብ የተመደቡት ሰዎች ውጤታቸው በአማካይ ከመቶ 12ኛው እርከን ላይ ሆኖ ራሳቸውን 62ኛው ላይ አስቀመጡ። ከፍተኞቹ ደግሞ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ግን ምንም ሳትሻሻል ነው ዝቅ ያደረግከው» አለችኝ። እህት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ስለዚህ መልሴን ቀየርኩ። «መካከለኛ» እና «ጀማሪ» የሚሉትን ቃላት ተውኳቸው። የምችለውንና የማልችለውን ብቻ እናገራለሁ፤ ያውም ባለፈው ሳምንት ቅጂ ላይ የሰማሁትን። ቅጂ በየወሩ አንድ ነው፤ ያቺው ትዝታ፣ ያው ስልክ፣ ያው ወንበር። ዘፈኑን ብቀያይር ኖሮ የሚለወጠው ዘፈኑ ይሁን እኔ በምን አውቃለሁ? በስድስተኛው ወር በ84 ጀምሬ በ86 ጨረስኩ።

ባለፈው ሰሞን ኪቦርድ ተጫዋቹ ጓደኛዬ እንደገና ደወለ። ጊታር ጎድሎባቸዋል። «ደረጃህ እንዴት ነው?» አለኝ፤ እንደ ያኔው።

«ቀስ ያለ ትዝታና ባቲ በፈለጋችሁት ቁልፍ እከተላለሁ» አልኩት። «ፈጣን ችክችካ በባር ኮርድ ከሆነ ሩብ ሰዓት ላይ እጄ ይዝላል። የማላውቀውን ዘፈን ሁለቴ አሰሙኝ። አንቺሆዬ አልችልም።»

ትንሽ ዝም አለ። ከበስተጀርባ ጋሼ የሆነ ነገር ሲል ሰማሁት።

«ቅዳሜ 10 ሰዓት ና» አለኝ። «አንቺሆዬ የለበትም። ካፖህን ግን እንዳትረሳ፤ ድምፃዊቷ ያቺው ናት።»