«ፋዘር፣ ዛሬ ይረፉ» የሚለኝ አጣሁ

ይህን የምጽፈው ከ40 ዓመት በኋላ ብረት ለመጀመር ላሰበ ሰው ነው። እኔ ስጀምር የሚያስጠነቅቀኝ አላገኘሁም።

የጀመርኩት በ46 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከባጃጅ አውርጄ ቤት ማስገባት አቃተኝ። ሰኞ ጂም ተመዘገብኩ። ጫማ ገዛሁ፣ ፎጣ ያዝኩ፣ ገባሁ። እዚህ ድረስ ችግር የለም።

ችግሩ ፕሮግራሙ ላይ ነበር። አሰልጣኙ የሰጠኝ ከ20ዎቹ ያላለፉት ልጆች የሚሰሩትን ነው። ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ ትከሻ፣ ሐሙስ እግር፣ ዓርብ ክንድ፣ ቅዳሜ እንደገና ደረት። ወረቀቱን ስታዩት እያንዳንዱ ጡንቻ የሚያርፍበት ቀን ያለው ይመስላል። ግን ቤንች፣ ማለትም በጀርባ ተኝታችሁ ብረት ወደ ላይ ስትገፉ፣ ትከሻ ይሰራል። የክንድ ቀን ዲፕስ (ሁለት ዘንግ ይዞ በክንድ ራስን ዝቅና ከፍ ማድረግ) ስትሰሩም ይሰራል። በሳምንት አራት ቀን ትከሻዬን ሳደክም እንደነበር የገባኝ ከተጎዳሁ በኋላ ነው። ያን ወረቀት ቁጭ ብዬ አንድ ጊዜ ባነበው ኖሮ!

ሦስቱ ወራት ጥሩ ነበሩ። ቤንች ከ30 ኪሎ ተነስቼ 60 ደረስኩ። ልጆቹ «ፋዘር፣ እርስዎ እኮ ይችላሉ!» ሲሉኝ ልቤ ይሞቃል። በዚያ ሙቀት አንድም ቀን አልቀረሁም። ያኔ ያላወቅኩት ነገር አለ። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን ደም በብዛት ስለማይደርሰው ወራት ይፈልጋል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይብሳል። እኔ የጨመርኩት ጡንቻዬ በቻለው ልክ ነበር። ጅማቱ ኋላ ቀርቷል።

በአራተኛው ወር በቀኝ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ሸሚዝ ስለብስ ትከሻዬ ይወጋኛል። ቅባት ቀባሁ። አልሻል ሲለኝ ዲክሎፌናክ ገዝቼ ዋጥኩና በማግስቱ ቤንች ላይ ተኛሁ። ሕመሙ ጠፍቶ ስለነበር የዳንኩ መሰለኝ። ክኒኑ ያጠፋው ማስጠንቀቂያውን ነው፤ ጉዳቱ እዚያው ነበር። በዚህ ማንንም አልወቅስም፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ጎረቤት ሰው ሞተብን። ሁለት ሌሊት ድንኳን አደርኩ። በሁለቱም ቀን ከአራት ሰዓት በላይ አልተኛሁም። ቅዳሜ ግን ጂም ሄድኩ። 60 ኪሎውን ለሦስተኛ ዙር ስገፋ ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ተሳበ። እጄ ከዳኝ። ሁለት ልጆች ብረቱን አነሱልኝ። አሰልጣኙ መጥቶ «አይዞዎት ፋዘር፣ ካመመዎት ሰርተዋል ማለት ነው» አለኝ። እስካሁን ይቆጨኛል። የድካም ሕመምና የጉዳት ሕመም ይለያያሉ። ይህን የማይለይ ሰው እንዴት ሌላውን ያሰለጥናል?

ክሊኒክ ሄድኩ። ባለሙያው ሸሚዜን እንኳ ሳያስወልቅ መርፌ አዘዘልኝ። «በእርስዎ ዕድሜ ብረት ምን ያደርግልዎታል? ይተዉት» አለኝ። ታዘዝኩ። አሥር ሳምንት ምንም አልነካሁም። ሕመሙ ቀነሰ፤ ትከሻዬ ግን ደረቀ፣ እግሬም ሰነፈ። በእርግጥ ከ30ዎቹ በኋላ የማይሰራ ጡንቻ በየዓመቱ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት አዛውንቶችን ጨምሮ ለአዋቂ ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። ታዲያ እኔ በምን ሒሳብ ነው የምተወው?

ያዳነኝ ፊዚዮቴራፒስት ነው። እጄን በየአቅጣጫው አንቀሳቅሶ፣ ገፍቶ፣ ስቦ አየ። ከዚያ ግድግዳ መግፋት አስጀመረኝ። በኋላ ሁለት ኪሎ ብረት፣ በጣም በዝግታ። ሕጉ ቀላል ነው። ስሰራ ትንሽ ቢያመኝ ችግር የለውም። በማግስቱ ጠዋት ከብዶኝ ከተነሳሁ ግን እቀንሳለሁ። አምስት ወር ፈጀ።

አሁን የምሰራው ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። በሁለቱም ቀን መላ ሰውነት፣ አምስት ዓይነት፣ ሦስት ሦስት ዙር። በየዙሩ ገና ሁለት ጊዜ ማንሳት እየቻልኩ አቆማለሁ። የተለመደው ምክር ለአንድ ጡንቻ 48 ሰዓት ዕረፍት ይበቃል ይላል። ለእኔ አይበቃም። ከከባድ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) በኋላ እግሬ የሚመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው። እሁድ እዚህ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር ተነስቼ በእግሬ የጅሬንን ኮረብታ እወጣለሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ ስደርስ ላቤ ይንጠፈጠፋል፤ መገጣጠሚያዬን ግን አያመኝም። በየአምስተኛው ሳምንት የማነሳውን ብረት ክብደት በግማሽ እቀንሳለሁ።

ከሁሉም የከበደኝ ቡና ነው። ጅማ ተቀምጦ የማታ ቡና እምቢ ማለት ጎረቤት ያስቀይማል። ነገር ግን ቡና ውስጥ ያለው ካፌን ከተጠጣ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላም ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። እንቅልፍ ከሌለ ደግሞ ማገገም የለም። አሁን አቦሉን ጠዋት እጠጣለሁ፤ ማታ ቁርሱን እየበላሁ እጫወታለሁ። ጎረቤቶቼ ለመዱት።

በፍስክ ቀን ሦስት እንቁላል አይቀርብኝም። አንዱ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በሁዳዴ 55 ቀን ምስር፣ ሽሮና ኦቾሎኒ አበዛለሁ፤ የብረቱን ክብደት ሳልነካ ከሦስት ዙር አንዱን እተዋለሁ። ለቅሶ ቤት ባደርኩ ማግስት ደግሞ ጂም አልሄድም። በዚህ አልደራደርም።

ጤፉን አሁን ብቻዬን አስገባለሁ። ቤንች ላይ ግን ከ45 ኪሎ አላለፍኩም። ጃኬት ስለብስም እስከ ዛሬ የማስቀድመው ቀኝ እጄን ነው።