ጉዱ ያለው ታህቱ ላይ ነው፦ የባንክ ካፒታል ስሌት ትምህርቴ የት ደረሰ?

ሰላም ናችሁ? የአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ይዤ የካፒታል ብቃት ምጣኔውን (የባንኩ የራሱ ገንዘብ ከተሸከመው ስጋት አንጻር ስንት በመቶ እንደሆነ) ራሴ ሠራሁት። ከታተመው ቁጥር ጋር ገጠመ! ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ።

ጅማሬው ላይ አልቆይም። ምጣኔው ክፍልፋይ ነው። ላዕሉ የባንኩ ካፒታል ነው፤ የተከፈለ አክሲዮን፣ ሕጋዊ መጠባበቂያ፣ ያልተከፋፈለ ትርፍ። ታህቱ በስጋት የተመዘነ ሀብት ነው፤ እያንዳንዱ ሀብት በስጋት ክብደቱ፣ ማለትም እንደ ስጋቱ በተሰጠው መቶኛ፣ ተባዝቶ ሲደመር። ውጤቱ ከ8 በመቶ መውረድ የለበትም። የባዜል ኮሚቴ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የባንክ ተቆጣጣሪዎች ስብስብ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ያስቀመጠው ልክ ነው፤ የእኛም ብሔራዊ ባንክ መነሻ አድርጎ የወሰደው ይህንኑ 8 ነበር። ከ5 ቢሊዮን ብሩ ዝቅተኛ ካፒታል ጋር ግን አታምታቱት። እሱን አንዴ ሞልተህ ትገላገላለህ። ምጣኔው ብድር በተሰጠ ቁጥር ይንቀሳቀሳል።

እኔን ያንገበገበኝ ባላንስ ሺቱ (የባንኩ የሀብትና ዕዳ ሠንጠረዥ) ላይ የማይታየው ነገር ነው። የምሠራው ባሕር ዳር፣ ብድር ክፍል ነው። አንድ ተቋራጭ የ100 ሚሊዮን ብር ሥራ አሸንፎ የ10 በመቶ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ፈልጎ ይመጣል እንበል። ደብዳቤው ይታተማል፣ ሁለት ፊርማ ያርፍበታል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ኮሚሽን ይከፈላል። ከካዝና አንዲት ብር አልወጣችም። ታዲያ ለምኑ ነው ካፒታል የሚያዝለት?

ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ ቢጠፋ አሠሪው ያንን ደብዳቤ ይዞ ከች ይላል። ባንኩ ይከፍላል። ወረቀቷ በአንድ ቀን ብድር ሆነች ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድማ ትመነዘራለች፦ የአፈጻጸም ዋስትና በ50 በመቶ፣ በዕቃው የተደገፈ የአጭር ጊዜ ኤልሲ (ባንኩ በደንበኛው ስም ለዕቃ ሻጩ ለመክፈል የሚገባው ቃል) በ20፣ ብድር ለመክፈል የተገባ ዋስትና በ100። ከዚያ የደንበኛው የስጋት ክብደት ይመጣል፤ ለግል ድርጅት 100 በመቶ ነው። የእኛ የ10 ሚሊዮን ደብዳቤ 5 ሚሊዮን ሆና ታህቱ ላይ ትቀመጣለች። በ8 በመቶ ሲሰላ 400 ሺህ ብር ካፒታል ይዛለች።

ይህ በባንክ ደረጃ ሲደመር ነው የሚያስደነግጠው። በፈጠራ ቁጥር እንሞክረው። ካፒታል 4.3 ቢሊዮን። ጥሬ ገንዘብ 10 ቢሊዮን፣ ክብደቱ ዜሮ። ሌላ ባንክ የተቀመጠ 5 ቢሊዮን በ20 በመቶ፣ 1 ቢሊዮን። የንግድ ብድር 42 ቢሊዮን፣ እንዳለ። ታህቱ 43፣ ምጣኔው 10 በመቶ። ያማረ ነው። አሁን የ16 ቢሊዮን የአፈጻጸም ዋስትናና የ10 ቢሊዮን ኤልሲ ጨምሩበት። 8 እና 2 ቢሊዮን ይሆናሉ። ታህቱ 53፣ ምጣኔው 8.1። አንድ ብር ሳያበድር ባንኩ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ!

በዘዴው ላይ አልደራደርም፤ በእጅ ሥሩት። ዩቲዩቡ ከባዜል ሦስት፣ ከዚያው ኮሚቴ የኋለኛ ደንብ፣ ይጀምርና 4.5፣ 6፣ 2.5 እያለ በመቶኛ ያጥለቀልቃችኋል። ለምን እንደሚባዛ ሳይገባችሁ መቶኛ ብትሸመድዱ ምን ሊረባችሁ? ሪፖርት ስታነቡም ፊት ያሉትን ፎቶዎች ዝለሉና ከኋላ ወዳሉት ማብራሪያዎች ሂዱ። ዋስትናውና ኤልሲው የተደበቀው እዚያ ነው።

ለነገሩ እኔም ቢሮ አለቃዬ ሲያጣድፈኝ የተዘጋጀውን ኤክሴል ከፍቼ ቁጥር እሞላለሁ። በእጅ የሚሠራው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጣና ዳር ነው፤ ነፋሱ ወረቀት ስለሚወስድ ስልክ ጭኜበት። ቀጥሎ ኦፕሬሽናል ሪስክ (ከሠራተኛ ስህተት፣ ከማጭበርበር ወይም ከሲስተም ብልሽት የሚመጣ ስጋት) ነው የምንይዘው። ቅዳሜ አብራችሁኝ ልትሠሩ የምትመጡ ካልኩሌተር ያዙ፣ ላፕቶፕ ቤት ይቅር።