«ወላጅ አምጪ» የመሰለው ደብዳቤ

ነርስ ነኝ። የዚያን ዓመት በአንድ የልብ ሕመም ጥናት ላይ ዳታ ሰብሳቢ ነበርኩ። ተንቀሳቃሽ የኢኮ ማሽን (ልብን በድምፅ ሞገድ ስክሪን ላይ የሚያሳይ) ይዘን ከከተማ ወጣ ባሉ ትምህርት ቤቶች እንዞራለን። የምንፈልገው ደህና ከሚመስሉ ተማሪዎች መሃል ሩማቲክ የልብ ሕመም የጀመራቸውን ነው። ሕመሙ ገና ሲጀምር በማዳመጫ ብዙም አይያዝም። ሞዛምቢክ ውስጥ 2,170 ተማሪዎች ሲመረመሩ በማዳመጫ የተገኙት 5 ነበሩ፤ በኢኮ ግን 66። ጅማ ላይ በተሠራ ጥናት ደግሞ ከ1,000 ተማሪ 31 ያህሉ ላይ ታይቷል።

አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጄሉን ደረቷ ላይ ስቀባት «ይቀዘቅዛል» ብላ ሳቀች። ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቆየ። በግራ በኩል ያለው የልብ ቫልቭ ወፈር ብሏል፤ ሲዘጋም ደም ወደ ኋላ ያሾልካል። እሷ ግን ምንም አያማትም። ትንሽ ቆይቶ በእረፍት ሰዓት ገመድ ስትዘል አየኋት።

ቅጹን ሞላሁ። ሕክምና ይዘዋት እንዲመጡ የሚል ደብዳቤ ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ፣ «ለእናትሽ ስጪ» ብዬ በእጇ ሰጠኋት። በቃ፣ ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

በሦስተኛው ወር ዝርዝሩን ሳይ ደብዳቤ ከሰጠናቸው ግማሾቹ እንኳን አልመጡም። እሷም የለችም። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ቤቷ ሄድን። እናትየው ደጃፍ ላይ ጤፍ እየነፉ ነበር።

«የምን ደብዳቤ ነው ሲስተር?» አሉኝ።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ወደ ውስጥ ገብታ ከሒሳብ ደብተሯ መሃል ፖስታውን አወጣች። አልተከፈተም።

«ወላጅ አምጪ የተባልኩ መስሎኝ ነው» አለች፤ ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማል።

ከትምህርት ቤት የታሸገ ወረቀት ወደ ቤት የሚላከው ልጅ ሲያጠፋ ነው። እኔም ተማሪ ሆኜ ይህን አውቀው ነበር። እንዴት እንደረሳሁት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናትየውን ስለ ቶንሲል ጠየቅኳቸው። «ትንሽ ሆና ጉሮሮዋን እያመማት በጣም አስቸግራን ነበር። እንጥሏን አስቆረጥናት» አሉኝ። የሚያውቁትን፣ የሚችሉትን አድርገዋል። የልብ ሕመሙን የሚያስነሳው ግን ጉሮሮ ላይ የሚሰፍር ባክቴሪያ ነው። በጊዜ በፔኒሲሊን ካልታከመና ከተመላለሰ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የገዛ ራሱን የልብ ቫልቭ ይጎዳል። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ይልቅ ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል። ይህን ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። ቫልቩ እንዳይብስባት በየጊዜው ፔኒሲሊን መወጋት እንዳለባት ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምንም ካላመማት ለምን ትወጋብኝ?» አሉ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ዩጋንዳ ስለተሠራው ጥናት ነገርኳቸው። እንደሷ ገና የጀመራቸውን ልጆች ሁለት ቦታ ከፈሏቸው፤ በየወገኑ ወደ 400 ልጆች። በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ከተወጉት መሃል በሁለት ዓመት የባሰባቸው 3 ናቸው። ካልተወጉት ግን 33። ወንፊቱን አስቀመጡት። «33» አሉና ልጃቸውን አዩ።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ በልጅ እጅ አንልክም። ወይ ወላጅ ትምህርት ቤት እናስጠራለን፣ ወይ ራሳችን ቤት እንሄዳለን። መኪናም ጊዜም ይፈጃል፤ ይሁን። የተገኘ ልጅ መርፌው ካልደረሰው እኛ የያዝነው ቁጥር ብቻ ነው።

ልጅቷ አሁን በየአራት ሳምንቱ ትመጣለች። ቤንዛታይን የሚባለው የፔኒሲሊን መርፌ ወፍራም ነው፤ ያማል። ብልቃጡን በመዳፌ ሞቅ አድርጌ ቀስ ብዬ ነው የምወጋት። ጥርሷን ነክሳ ትችለዋለች። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አጠገቤ ትቀመጣለች።

ባለፈው እናትየው ታናሽ ወንድሟንም አዝለው መጡ። ልጁ ያተኩሰዋል።

«ጉሮሮውን ነው። ጎረቤት እንጥሉ ይቆረጥ አሉኝ፤ እምቢ ብዬ አንቺ ጋ አመጣሁት» አሉኝ።

አፉን አስከፍቼ በባትሪ አየሁት። ቶንሲሉ ቀልቷል።