የስምንት ወር ሒሳብ

ኮምፒውተሬ ማርጀቱን ያወቅኩት በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ማግሥት ነው። ዶሮ ወጡ ገና ከሆዴ ሳይወርድ ፊፋ ልጫወት ተቀመጥኩ። አጥቂዬ ኳሷን ሊመታ እግሩን አነሣ። አሁንም እያነሣ ነው። እግሩ ኳሷ ጋ እስኪደርስ ድረስ የተጋጣሚው ግብ ጠባቂ ዳዊት ሊደግም ይችል ነበር። በሰከንድ 60 ምስል ሲያወጣ የኖረ ማሽን 12 ላይ ተጎልቷል።

«በቃ፣ ዕድሜው ነው» አልኩ። የምናገረውን የማውቅ ሰው ነኝ፤ በሰፈራችን ኮምፒውተር የተበላሸበት ሁሉ የሚጠራው እኔን ነው። ይህችን ለጊዜው ያዙልኝ።

እውነት ለመናገር ዕድሜውም አለ። አንጎሉ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5 ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2013 ዘር። ራሙ፣ ማለትም የሥራ ማህደረ ትውስታው፣ 8 ጊጋባይት ነው፤ ዓይነቱ ዲዲአር3። የጨዋታውን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ዕቁብ ሲደርሰኝ የገዛሁት ጂቲኤክስ 1060 ነው፤ ለእሱ ስል አንድ ክረምት ሙሉ ያለ ጃንጥላ ከርሜያለሁ።

እንግዲህ ላሻሽለው ወይስ አዲስ ልግጠም? ማታ ማታ ደብተር ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። በግራ በኩል «ማሻሻል» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮሰሰሩ ይለወጥ ካልኩ፣ ያለው ማዘርቦርድ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ከእኩዮቹ በቀር አዲስ ትውልድ አያስገባም። ማዘርቦርዱ ይለወጥ ካልኩ ራሙ አብሮ ይሄዳል። ራሙ ከሄደ በኋላ ኤሌክትሪኩን የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ «እኔስ ከማን አንሼ?» ይላል። ኬዙም፣ ሣጥኑ ማለቴ ነው፣ ጠባብ ነው። ገጹ ሲያልቅ ከአሮጌው የሚተርፈኝ አይጥና ኪቦርዱ ብቻ ሆነ። ለኮት ቁልፍ ልገዛ ወጥቼ ሙሉ ልብስ ተለክቼ ተመለስኩ ማለት ነው።

የቀኙ ገጽ ደግሞ ዶላር የሚባል ነገር አለበት። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ እኔ ደብተሬን ስሞላ ከ130 አልፎ ነበር። ሻጮች ዋጋ ሲነግሩኝ «የዛሬ ነው» ይሉኛል፣ እንደ ቲማቲም። ደመወዝ እስኪወጣ ስጠብቅ ገጹን ሦስት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩት።

እናቴ ቡና እያፈላች አየችኝ። «ልጄ፣ ይህን ያህል የምታሰላው ቤት ልትሠራ ነው?»

በመስከረም የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሊመጣ ሲል ደወለና «ምን ላምጣልህ?» አለኝ። «16 ጊጋ ራም» አልኩት፤ ጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ ከዲዲአር ኋላ የምትመጣዋን ቁጥር ሳልነግረው ስልኩን ዘጋሁ። ያመጣው ዕቃ ውበቱ አይጣል ነው፤ ሲበራ እንደ ሠርግ አዳራሽ ቀለም የሚለዋውጥ ጥንድ ራም። ኬዙን ከፍቼ ልሰካው ብል ግን አልገባም አለኝ። ገፋሁት። አዙሬ ገፋሁት። አውጥቼ እፍ ብዬበት ገፋሁት። በመጨረሻ ወደ መብራት አስጠግቼ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ያዝኩት፤ ከሥሩ ያለችው ጎድጎድ ያለች ምልክት የተቀመጠችው በሌላ ቦታ ነው። ዲዲአር4! የእኔው 240 ጥርስ አለው፣ እንግዳው 288። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ኬዙን ዘግቼ ገመዶቹን ሁሉ እንደነበሩ መልሼ ሰካሁ። «እንደነበሩ» የምትለዋን ቃልም ያዙልኝ።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። የእኔው ገና አራተኛ ላይ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ላይ ማን ያስቀምጠዋል? «በቃ፣ ተፈርዶበታል፤ አዲስ ነው የምገጥመው» ብዬ ወሰንኩ። ጓደኞቼንም እንዲያበድሩኝ ማለሳለስ ጀመርኩ።

የገና ሰሞን እናቴ ቤት ልታጸዳ ተነሣች። «ና፣ ይህን ጠረጴዛ ሳብልኝ፤ ወገቤ አይችለውም» አለችኝ። ሳብኩት። የስልኬን መብራት አብርቼ ገመድ ልነቅል በጉልበቴ ተንበረከክኩ። የሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ገመድ ከላይ፣ ከኪቦርዱና ከኢንተርኔቱ ገመድ ጎን፣ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቷል። ከታች ያ በዕቁብ የተገዛ ግራፊክስ ካርድ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል። በአንደኛው ላይ ሸረሪት ድሯን ሠርታለች።

ለጥቂት ጊዜ ከተንበረከክኩበት አልተነሣሁም።

«እማዬ፣ ይህን ገመድ ነቅለሽው ታውቂያለሽ?»

«ለፋሲካ ሳጸዳ ነቅዬው ነበር። መልሼ ሰክቼዋለሁ እኮ! ልክ ነው የገባው።»

ልክ ነው የገባው። በምን አፌ ልናገራት? ካርድ ባለበት ማሽን ላይ ብዙ ማዘርቦርዶች የራሳቸውን የምስል መውጫ ይዘጋሉ፤ የእኔም ዘግቶ ቢሆን ኖሮ ስክሪኑ በዚያው ዕለት ጨልሞ እንነቃ ነበር። ነገር ግን ከዓመታት በፊት ሁለተኛ ሞኒተር አገናኛለሁ ብዬ ባዮስ የሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ሁለቱም አብረው እንዲሠሩ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሞኒተሩንማ ሳልገዛው ቀረሁ። በዚህ ምክንያት ስምንት ወር ሙሉ ጨዋታውን ሲጎትት የከረመው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው፣ ለቢሮ ደብዳቤ የምትበቃ ትንሽ የምስል ክፍል ነበረች። ስታስቡት ጎበዝ ናት። ካርዱ ደግሞ ማራገቢያውን እያሽከረከረ መብራት ይቆጥር ነበር።

ገመዱን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች፣ ወደ ካርዱ፣ አወረድኩት። አጥቂዬ እግሩን አነሣ፣ መታ፣ አገባ። ግብ ጠባቂው ዳዊቱን አልጀመረውም።

ጓደኞቼ «ያ አዲሱ ኮምፒውተር የት ደረሰ?» ሲሉኝ «ገበያው እስኪረጋጋ» እላቸዋለሁ። የዊንዶውሱ ጉዳይ እንዳለ ነው፤ ደብተሩንም አልጣልኩትም። ከዱባይ የመጣው ራም ግን መሳቢያ ውስጥ አቧራ ሊጠጣ ነው ብላ እናቴ ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ መካከል አቆመችው። ለገና የመጣች ጎረቤታችን አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችውና «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

እናቴ ቡናውን እየቀዳች መለሰችላት። «የልጄ አዲስ ኮምፒውተር ነው። ቀሪውን ቀስ እያለ ይጨምርበታል።»